ምዕራፍ ሰባት፦ አመድ፣ ፍርስራሽና የጎጃም ኮንክሪት

ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ሲሚንቶ የሚሠራባቸውን ድንጋዮች ሁሉ በአንድ ቁልቁለት ያልፋቸዋል። አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ፣ ጎጃምን ደጋ ያደረገ። ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይ ይመጣል። ዝቅ ሲሉ ቢጫና ግራጫ የኖራ ድንጋይ ተነባብሮ ይታያል፤ ከዚያ በታች ነጭ የጂፕሰም ንብርብር፣ ወደ ወንዙ ሲቃረቡ ደግሞ ቀይ አሸዋ ድንጋይ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የኖራ ድንጋዩን አንታሎ፣ ጂፕሰም ያለበትን ጎሃ ጽዮን፣ የታችኛውን አዲግራት ብለው ይጠሩታል። የኖራ ድንጋይ የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ ነው። ጂፕሰም፣ ግንበኛው በጀሶነቱ የሚያውቀው፣ ሲሚንቶ ውሃ እንደነካው ወዲያው እንዳይጠጥር ያዘገየዋል። ባዛልቱ ሲፈጭ ጠጠር ይሆናል። ሸለቆው ግርጌ ላይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ ጳጉሜ 2000 ዓ.ም የተመረቀው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ ቆሟል፤ ድንጋይ ተፈጭቶ፣ ተቃጥሎና እንደገና ተጣብቆ ምን ያህል ሸክም መሸከም እንደሚችል እዚያ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ጣጣው የሚመጣው ከማቃጠሉ ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው በሚሽከረከር ምድጃ ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋያሉ። የሚወጣው ግራጫ እንክብል ክሊንከር ይባላል፤ እሱ ከትንሽ ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ሆነ ማለት ነው። መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ ቀሪው 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ይህ ከነዳጁ ጭስ የተለየ ነው። ምድጃውን በዓባይ ኤሌክትሪክ ብናሞቀው እንኳ ድንጋዩ በውስጡ የያዘውን ጋዝ መልቀቁ አይቀርም። ክሊንከር ሲሠራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶ ያህሉ ከድንጋዩ ነው፣ የተረፈው ከነዳጁ። ዓለም በዓመት 4 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሚንቶ ያመርታል፤ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከ7 እስከ 8 በመቶው ከዚሁ ኢንዱስትሪ ይወጣል። ስለዚህ ኮንክሪትን ለምድር የሚቀል ለማድረግ ከሚደረገው ጥረት አብዛኛው ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፤ በያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለውን ክሊንከር መቀነስ።

ይህን ቁጥር ይዞ የደብረ ማርቆስን ወይም የሞጣን ሰው «አትገንባ» ማለት ግን ነውር ነው። የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት 500 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ ይጠቀማል፤ ኢትዮጵያዊው የዚህን አንድ አምስተኛ እንኳ አይደርስም። ገና ያልተሠራ ጤና ጣቢያ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዝ የሚያቋርጣቸው ቀበሌዎች፣ ጣሪያው የሚያፈስ ትምህርት ቤት ሞልቷል። እኔ ጉዳዩን የምመለከተው ከራሳችን ጥቅም ተነስቼ ነው። ሲሚንቶ ውድ ነው። የፋብሪካዎቻችን ምድጃ ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ በተገዛ የድንጋይ ከሰል ሲነድድ ኖሯል። በ2014 ዓ.ም ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ግንባታ የቆመበትን ጊዜ የማያስታውስ ግንበኛ የለም። መስከረም 2017 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ የተመረቀው፣ በቀን 150,000 ኩንታል እንዲያመርት የተሠራው የለሚ ናሽናል ፋብሪካ ጫናውን አቅልሎታል፤ ቢሆንም አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ደጋው ላይ እስኪደርስ የሚበላው ነዳጅና ገንዘብ አለ። ከአሥር ከረጢት አንዱን ማንም በማይፈልገው አመድ መተካት ከተቻለ ትርፉ መጀመሪያ የሚገባው ለገንቢው ኪስ ነው።

ጎጃም ከሲሚንቶ በፊትም ድንጋይ በኖራ ሲያጣብቅ ኖሯል። በእነብሴ ሳር ምድር ንግሥት እሌኒ ያሠራችው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና የገነቡት የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ከሞጣ ወዲያ ዓባይን የሚሻገረው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ሰባራ ድልድይ የተባለው አርበኞች የጣሊያንን ጦር ለማገድ አንዱን ቅስት ስለሰበሩት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተሳበ ሲሻገርበት ኖረ። የቀሩት ቅስቶች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ጎርፍ ችለዋል። ኖራ የሚጋየው ከሲሚንቶ እጅግ ባነሰ ሙቀት፣ 900 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከዋለ በኋላም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ድክመቱ አዝጋሚነቱና ውሃ ውስጥ አለመጠጠሩ ነው። ይህን ድክመት ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የፈቱበት ዘዴ ለዛሬው ጉዳያችን ቁልፍ ነው። በኔፕልስ አጠገብ ካለችው ከፖዙሊ የእሳተ ገሞራ አመድ እያመጡ ከኖራ ጋር ቀላቀሉ፤ ድብልቁ ውሃ ውስጥ ሳይቀር ድንጋይ ሆነ። ሮም ውስጥ ያለው፣ 43 ሜትር ስፋት ያለው የፓንቴዮን ጉልላት በብረት ሳይታሰር 1,900 ዓመት ገደማ የቆመው በዚህ ዓይነት ኮንክሪት ነው። ከከተማይቱ ስም ተነስቶ እንዲህ ያለ አመድ ሁሉ ፖዞላን ይባላል።

አሠራሩን እንየው፤ የሚከተለው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ሲሚንቶ ውሃ ሲጠጣ ሁለት ነገር ይወልዳል። አንደኛው አሸዋና ጠጠሩን የሚይዘው ሙጫ ነው፤ ከካልሲየም፣ ከሲሊካና ከውሃ የተሠራ። ሁለተኛው ተራፊ ኖራ ነው። ይህ ተራፊ ኖራ ከጠጠረው ሲሚንቶ ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይይዛል፤ ጥንካሬ አይጨምርም፣ ውሃም ቀስ እያለ ያጥበዋል። ፖዞላን ሲገባ በውስጡ ያለው ሲሊካ ያንን ኖራ ይዞ ሁለተኛ ዙር ሙጫ ይሠራል። ክሊንከር ቀነሰ፣ ሙጫው ግን አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አሸዋም ሲሊካ ነው፤ ከኖራ ጋር ግን አይዋሐድም። በአሸዋ ውስጥ ያሉት አተሞች በሥርዓት ተሰድረው ተቆላልፈዋል። የእሳተ ገሞራ አመድ ግን ቀልጦ በድንገት ስለቀዘቀዘ አተሞቹ ቦታቸውን ሳይይዙ ቀርተዋል፤ ከተገነባ ካብ ድንጋይ መንቀል ሲያስቸግር ከተቆለለው ግን ማንሳት እንደሚቀል፣ ኖራውም ከተዘበራረቀው ሲሊካ በቀላሉ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ አመድ ፖዞላን መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ከምን እንደመጣ ብቻ አይደለም፤ በምን ያህል ሙቀት ተቃጥሎ እንዴት እንደቀዘቀዘም ነው።

የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ይህን ዘዴ አስቀድመው ይዘውታል። ግንበኛ ፒፒሲ እያለ የሚገዛው ከረጢት በስምጥ ሸለቆ ከሚገኝ ፐሚስና መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር የተፈጨ ሲሚንቶ ነው፤ ኦፒሲ የሚባለው ግን ከሞላ ጎደል ንጹሕ ክሊንከር ነው። በከረጢቱ ላይ ሲኢኤም ሁለት ቢ-ፒ የሚል ጽሑፍ ካለ ከ21 እስከ 35 በመቶ ፖዞላን አለበት ማለት ነው። ብዙ ሰው ፒፒሲን «ደካማ» ይለዋል። ቀርፋፋ ነው ቢባል ይሻላል፤ በሰባተኛው ቀን ወደ ኋላ ቢቀርም ውሃ እየጠጣ ከቆየ በወራት ውስጥ ይደርሳል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው፣ ሌሊቷ በሚቀዘቅዘው ደብረ ማርቆስ ደግሞ ይህ ቀርፋፋነት ይጨምራል፤ ብርድ ሁለተኛውን ዙር ያዘገየዋልና። በዚህ አገር ካዛፎርማ ለመፍታት መቸኮል ከቆላው የባሰ አደጋ አለው።

አሁን ወደ ተረፈ ምርቱ እንምጣ። በውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ገለባ አመድ፣ ስለ ጎማ ፍርፋሪ፣ ስለ ሰብል ተረፈ ምርት ብዙ ይነበባል፤ ለጎጃም ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የማን ነው የሚለው ነው። የጤፍ ጭድን እንውሰድ። ጎጃም የጤፍ አገር ነው፤ ጭዱም በየአውድማው ክምር ነው። ሆኖም ከብት በበጋ የሚያድረው በሱ ነው። የጭቃ ቤትም የሚመረገው በሱ ነው፤ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ቀናት ቆይቶ ሲመረግ ቀጫጭኖቹ አገዳዎች ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዙታል። በኮንክሪት ውስጥ የብረትና የፕላስቲክ ጭረት የሚጨመረው ለዚሁ ሥራ ነው፤ የጎጃም ባለ ጭቃ ቤት ይህን እውቀት ከጥንት ጀምሮ በእግሩ ሲረግጠው ኖሯል። የጤፍ ጭድ አቃጥሎ አመዱን ሲሚንቶ ውስጥ የመክተት ሙከራ አለ። እኔ ግን አልደግፈውም፤ ከበሬ አፍ የተነጠቀ ነገር ተረፈ ምርት አይባልም። ኩበቱም ማገዶ ነው። ያረጀው ጎማ እንኳ በረባሶ፣ ማሰሪያና መቀመጫ ይሆናል። ደጋው ላይ ባለቤት የሌለው ነገር ጥቂት ነው።

የምድጃ አመድስ? እሱ በርግጥ በየቤቱ ይደፋል። ከባህር ዛፍና ከኩበት የሚወጣ አመድ ግን ለኮንክሪት አይመችም። የእንጨት አመድ ሲሊካው ትንሽ ነው፤ የሚበዛበት ካልሲየምና ፖታሲየም ነው፤ ያልነደደ ከሰልም አለበት። ፖታሲየሙ ከአንዳንድ ጠጠሮች ጋር ተዋሕዶ ከዓመታት በኋላ ኮንክሪቱን እያሳበጠ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ከሰሉ ደግሞ ውሃ ይመጥጣል። ይህ አመድ የተሻለ ቦታ አለው። በጎዛምን ወረዳና በአካባቢው ያለው መሬት በአሲድ የተጎዳ ነው፤ አርሶ አደሩም ለማሳው ኖራ ይፈልጋል። የጓሮ ጎመን ሥር የሚበተን አመድ የሚሠራው የዚያን ኖራ ሥራ ነው። እዚያው ይቅር።

ትልቁ ባለቤት አልባ አመድ ያለው ከደጋው ወረድ ብሎ፣ ጃዊ ነው። በጣና በለስ የተተከሉት ሁለቱ የስኳር ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው በቀን 12,000 ቶን አገዳ ለመፍጨት የታቀዱ ናቸው። አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ ባጋስ የሚባለው ምጣጭ ራሱ ፋብሪካው ውስጥ ይነድድና እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ አመዱ ይደፋል። ከአንድ ቶን አገዳ 6 ኪሎ ያህል አመድ እንደሚቀር ይገመታል። በዚህ ስሌት አንዱ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በቀን 70 ቶን ገደማ፣ ማለትም 700 ኩንታል አመድ ይወጣዋል። አገዳ ከአፈሩ ብዙ ሲሊካ የሚመጥ ሣር ነው፤ ጎልማሳውን የአገዳ ቅጠል በእጁ የጎተተ ሰው ለምን እንደሚቆርጥ ያውቃል። ሲቃጠል ያ ሲሊካ አመዱ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሩክ ኃይሉና ፕሮፌሰር አበበ ድንቁ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ አመድ ወስደው ሲሚንቶን በተለያየ መጠን እየተኩ ኮንክሪት ሠርተው ሞክረዋል። ሲሚንቶው እስከ 10 በመቶ በአመድ ሲተካ ኮንክሪቱ ከመደበኛው የማያንስ ወይም የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ ሲኬድ ጥንካሬው ይወርዳል። አሥር በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን አስቡት፤ የአንዱ የበለስ ፋብሪካ አመድ በሙሉ አቅም በሚሠራበት ቀን 7,000 ኩንታል ድብልቅ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በቀን 700 ኩንታል ሲሚንቶ ሳይቃጠል ቀረ ማለት ነው። መሰናክሉ ጥራቱ ነው። ፋብሪካው ምጣጩን የሚያነድደው ለእንፋሎቱ እንጂ ለአመዱ ብሎ ስላልሆነ ሙቀቱ አንድ ቀን ይበዛል፣ ሌላ ቀን ያንሳል፤ ያልነደደ ጥቁር ፍርፋሪም ይቀላቀልበታል። አመዱ መነፋትና እንደ ሲሚንቶ ልሞ መፈጨት አለበት፤ ከሸካራው አመድ ብዙ አይጠበቅም።

ከጣና ማዶ ደግሞ ወረታ አለች። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ ጅግናና ሻጋ በተባሉት ቦታዎች ሩዝ እንዲሞከር ካገዙ ወዲህ ሜዳው የአገሪቱ ዋና የሩዝ ምድር ሆኗል። ከተማዋም የመፈልፈያ ወፍጮ ከተማ ሆናለች። ከመቶ ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ገለፈት ነው። ገለፈቱ ሻካራ ነው፤ ከብት ብዙ አይወደውም፣ ቶሎም አይበሰብስም፤ በየወፍጮው ጀርባ ይከመራል፣ ይቃጠላል። ሲቃጠል አንድ አምስተኛው አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ አመድ ከ85 እስከ 95 በመቶው ሲሊካ ነው። ከሰብል ሁሉ እንዲህ ያለ ጥራት የሚሰጥ የለም። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ካልበለጠ አመዱ ግራጫ ወይም ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከኖራም ጋር ይዋሐዳል። በጣም ከጋለ ሲሊካው እንደ አሸዋ ተሰድሮ ይደነድናል፤ ያኔ አይረባም። አየር አጥቶ ሲጨስ ደግሞ ጥቁር ከሰል ይሆናል። በወፍጮ ጀርባ እሳት ለቆ የሚተው ክምር ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ላይ ይሠራል፤ መሐሉ ይግላል፣ ጠርዙ ይጨሳል። አየር ከሥር የሚገባበት ቀላል የብረት በርሜል ምድጃ ይህን ያስተካክላል፤ በእስያ የሩዝ አገሮች የሚሠራበት ነው። በአማራ ክልል ውስጥ ለሲሚንቶ ምትክ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ገንዘቤን የማውለው እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ሊያስወግደው የሚፈልገው፣ በአንድ ቦታ የተሰበሰበና ሲሊካው የተረጋገጠ ነውና።

በመጠን ትንሽ ቢሆንም ገል ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። የተሰበረ እንስራ፣ ጀበና፣ ምጣድ በሜዳ ላይ ተከምሮ የሚጋየው 800 ዲግሪ ባልዘለለ ሙቀት ነው፤ ሸክላ አፈር ከኖራ ጋር ለመዋሐድ የሚዘጋጀውም በዚሁ አካባቢ ነው። ሮማውያን ገል ፈጭተው ከኖራ ጋር በመቀላቀል የውሃ ገንዳ ይለስኑበት ነበር፤ ህንዶችም የጡብ ዱቄት በኖራ ለዘመናት ተጠቅመዋል። ዛሬ ስዊዘርላንድ ውስጥ በሎዛን የቴክኖሎጂ ተቋም ካረን ስክሪቭነር ከህንድና ከኩባ ተመራማሪዎች ጋር ያዳበሩት፣ ኤልሲ3 የሚባለው ሲሚንቶ የዚሁ ሐሳብ ትልቅ መልክ ነው። ግማሹ ብቻ ክሊንከር ነው፤ 30 በመቶው የጋየ ሸክላ፣ 15 በመቶው ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ቀሪው ጂፕሰም። ካርቦኑን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር ለዚህ የሚፈለገው ካኦሊን የሚባለው ሸክላ ያለበት ነው፤ የዓባይ በረሃ ደግሞ የኖራ ድንጋዩንና ጂፕሰሙን ይዟል።

ስለ ፕላስቲክ አጠር አድርጌ ልለፈው፤ ብዙ ተወርቶለታል። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆራርጦ በአሸዋ ምትክ መክተት ኮንክሪቱን ያቀልለዋል፣ ያዳክመዋልም፤ ሲሚንቶ በለስላሳው ፕላስቲክ ላይ አይጣበቅም። ኮንክሪቱን እንደ መቅበሪያ ጉድጓድ መጠቀም ይመስለኛል። በአዲስ አበባ ኪዱስ አስፋው የመሠረተው ኩቢክ የተባለው ድርጅት የመረጠው መንገድ የተሻለ ነው። ሲሚንቶን ትቶ ለሌላ አገልግሎት የማይመቸውን ፕላስቲክ ራሱን አቅልጦ የሚገጣጠም የግድግዳ ዕቃ ያደርገዋል። መጋቢት 2009 ዓ.ም የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን የቀበረበትን ቀን ለሚያስታውስ ከተማ፣ ወደዚያ ክምር የሚሄደውን እያንዳንዱን ቶን መቀነስ ከካርቦን ስሌት በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ፍርስራሽ ግን ሌላ ነው፤ ከሁሉ የበዛውም እሱ ነው። ከተሞቻችን እየፈረሱ እየተሠሩ ነው። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ያወጣው ኮንክሪትና ብሎኬት ብዙ ነው። ሰው ፍርስራሽን አስቀድሞም ይጠቀምበታል፤ ከወለል ሥር ሃርድኮር አድርጎ ይሞላዋል፣ የጭቃ መንገድ ያደርቅበታል። ይህ መልካም ነው፤ ዋጋው ግን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ፌሮው ወጥቶ፣ እንጨቱና ጀሶው ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ ሲነፋ አዲስ ጠጠር ይሆናል። ልዩነቱ አሮጌው ሲሚንቶ በላዩ ላይ ተጣብቆ መቅረቱ ነው። ያ አሮጌ ሲሚንቶ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፤ ደህናው ባዛልት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ውሃ ሲጠጣ የፍርስራሹ ጠጠር ከ5 በመቶ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ደረቁን ወደ ሚክሰር ከተጨመረ ለሲሚንቶው የተለካውን ውሃ ይቀማል፤ ግንበኛውም ቡኮው ሲጠጥርበት ውሃ ይጨምራል፣ ጥንካሬው ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከዋዜማው በውሃ ማራስ፣ ጠዋት ላዩ ጠፈፍ ሲል መጠቀም። ከጠጠሩ 30 በመቶውን በዚህ መልክ መተካት የኮንክሪቱን ጥንካሬ ብዙም እንደማይነካ በሌሎች አገሮች ደንብ ጭምር ተቀባይነት አግኝቷል። ብሎኬት ስባሪ ከኮንክሪት ስባሪ መለየት አለበት፤ ሬድ አሽ በሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የተሠራ ብሎኬት ለስላሳ ነው፣ ለምሰሶ አይሆንም፣ እንደገና ለብሎኬት ግን ይሆናል።

በጎጃም ደጋ ሌላም የተረሳ ክምር አለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በከተሞቻችን የተስፋፋው ኮብልስቶን ብዙ ወጣት አሠርቷል፤ መንገዱ ያለ ሲሚንቶ የሚነጠፍ በመሆኑም ከብዙ ኮንክሪት የሚመረጥ ነው። ጠራቢው ከያንዳንዱ ድንጋይ ዙሪያ የሚያራግፈው የባዛልት ስንጥር ግን ጥራት ያለው ጠጠር ሆኖ ሳለ በየጥርብ ቦታው ተበትኖ ይቀራል። ከጠጠር ማምረቻ የሚወጣው ዱቄትም እንዲሁ። ባዛልት ሲሟሽ ወደ ሸክላ አፈር እንጂ ወደ ንጹሕ አሸዋ አይለወጥም፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ይዘውት የሚመጡት አሸዋ በደለል የተለወሰው ለዚህ ነው። የአገራችን ደረጃ በአሸዋ ውስጥ ያለው ደለል ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በሃይላንድ ጠርሙስ አሸዋና ውሃ ጨምሮ፣ ነቅንቆ ለሰዓታት አስቀምጦ ከላይ የተቀመጠውን የጭቃ መስመር ማየት በቂ መለኪያ ነው። መስመሩ ሲወፍር ሰው የሚያደርገው ሲሚንቶ መጨመር ነው። ከአሸዋው ከፊሉን በታጠበ የጠጠር ዱቄት መተካት ያንን ሲሚንቶ ያድናል።

ይህ ወደማይወራለት ትልቁ ብክነት ያመጣኛል። ሃምሳ ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ለደህና ኮንክሪት 25 ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበትም ከዚህ ይቆጠራል። ቀን ሠራተኛው ቡኮው ቀጥኖ እንዲፈስለት ግማሽ ጀሪካን ሲጨምርበት 35 ሊትር ይሆናል። በዚህ ብቻ ከጥንካሬው ሲሶ ያህሉ ይጠፋል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳፍ ኤብራምስ በ1918 ዓ.ም (እንደ አውሮፓውያን) ይህን ዝምድና ካሳየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም በየግንባታው ይረሳል። የጠፋውን ጥንካሬ በአመድ ቀርቶ በተጨማሪ ሲሚንቶም ለመመለስ ውድ ነው። ከዚያ ውሃ ማጠጣቱ አለ። ኦፒሲ ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ ወይም አመድ ያለበት ድብልቅ 14 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ሁለተኛው ዙር ሙጫ የሚሠራው ውሃ ካለ ነውና። በደጋ ፀሐይና ነፋስ በሦስተኛው ቀን የደረቀ ሶሌታ አመዱን አሸዋ አድርጎ ያስቀረዋል። ዓባይ ከጎጃም ወጥቶ ጉባ ላይ የሚያገኘው፣ ጳጉሜ 2017 ዓ.ም የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ዋና ግንብ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪት አለበት፤ ኮንክሪቱ ውሃው ትንሽ የሆነ፣ በሮለር የተጠቀጠቀ ዓይነት ነው። ደረቅ ቡኮ አጥብቆ መጠቅጠቅ በአንድ ክፍል ቤት ወለል ላይም ይሠራል።

ከየት ይጀመር? ከምሰሶና ከሶሌታ አይደለም። ብሎኬት፣ የቦይ ክዳን፣ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ ከመሠረት ሥር የሚፈስሰው ሊን ኮንክሪት፤ እነዚህ ቢሰነጠቁ ሰው አይሞትባቸውም። ለአመዱ መመዘኛው የታወቀ ነው። የአሜሪካ የመመርመሪያ ደረጃ ለፖዞላን የሚጠይቀው ሲሊካ፣ አልሙኒየምና ብረት ኦክሳይድ ተደምረው ከ70 በመቶ እንዲበልጡ ነው፤ እንደገና ሲቃጠል የሚጠፋው ክብደት ከ10 በመቶ እንዳይዘል፤ 20 በመቶ ሲሚንቶ በአመዱ ተተክቶ የተሠራ ናሙናም ከንጹሕ ሲሚንቶ ናሙና ጥንካሬ ቢያንስ 75 በመቶውን እንዲያሳይ። ናሙና ሠርቶ መስበር በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ለሚማር ወጣት የሚከብድ አይደለም። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፤ በ28ኛው ቀን ሰብሮ አለመፍረድ። ከያንዳንዱ ድብልቅ ሦስት ናሙና ለ90ኛው ቀን ይቆይ፤ ፖዞላን ያለበት ኮንክሪት ብዙውን ጊዜ መደበኛውን የሚደርስበት በዚያ መካከል ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው የጭነት ሒሳብ ነው። ከወረታም ሆነ ከጃዊ እስከ ደብረ ማርቆስ መንገዱ ረጅም ነው፤ አመድም ቀላል ስለሆነ መኪና ሳይከብደው ይሞላል። ለዚህ ነው አመዱ እዚያው ተፈጭቶ፣ እዚያው ባህር ዳርና ዳንግላ ባሉ የብሎኬት ማኅበራት እጅ ቢጀመር የምመርጠው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከፍርስራሹና ከባዛልት ስንጥሩ ትጀምር።